ፈታኙ እጁን ሲዘረጋ

ካፒቴን ሙንዚር ስፋርን ያገኟቸው መብራት ሊያበሩ የገቡት አሚ ሃዲ ነበሩ። ካፒቴኑ ሲሙሌተር ከሚባለው የበረራ ማስመሰያ ማሽን ሥር፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። አንድ እግር ጫማቸው ወልቋል። ከበላያቸው ያ ነጭ ትልቅ ሣጥን በብረት እግሮቹ ላይ ቆሟል፤ ከኮሪደሩ ወደ በሩ የሚያሻግረው ጠባብ ድልድይም እንደተዘረጋ ነው። የድልድዩ የጎን ሰንሰለት ተፈትቶ ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተር ሰልዋ ጋርሰላህ ስትደርስ የቱኒስ የየካቲት ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበው ነበር። ከመኝታዋ ስትነሣ ጀምሮ ክፉ ወሬ የምትጠብቅ ሴት ናት። ያን ጠዋት ስልኳ ሲጮህ፣ ወዲያኛው ክፍል ተኝታ የነበረችውን ልጇን ኢናስን ገርበብ ባለው በር አየት አድርጋ ነው ያነሣችው። አሁን ደግሞ ዓይኗ የወለቀው ጫማ ላይ ቀረ። ክሩ በጥንቃቄ ታስሯል። ይህን ያሰረ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ሊፈታው ነበር አለች በሆዷ።

«ይሄ ነገር የእውነት ይበራል?» አለ ረዳቷ ራምዚ ወደ ላይ አንጋጦ። አውሮፕላን መሳፈር የሚፈራ ልጅ ነው።

«አይበርም። ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ይበራል» አሉ አሚ ሃዲ፣ የማሽኑ ጠባቂ ሽማግሌ። «አብራሪዎች የሚፈተኑት እዚህ ነው። ሞተሩ ይቃጠላል፣ ክንፉ በረዶ ይይዛል፣ ማንም አይሞትም።»

«ማንም አይሞትም» አለች ሰልዋ፣ ወለሉን እያየች።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ካፒቴን ነጂብ ማህጁብ እየሮጡ መጡ። ራምዚ ትከሻ ላይ እንኳ የማይደርሱ፣ ጠጉራቸውን በሥርዓት ያበጠሩ ሰው ናቸው። ሬሳውን ሲያዩ ግድግዳው ላይ ተደገፉ። አለቀሱ። ሰልዋ ጠበቀቻቸው።

«ወንድሜ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን አልተለያየንም።»

«ትናንት ማታ እዚህ ማን ነበር?»

«ዩስሪ ዝጋል የሚባል ረዳት አብራሪ። የዋና አብራሪነት ፈቃድ ፈተና ነበረው። ወደቀ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ሙንዚር እጁን ዘረጋ» አሉ ነጂብ። «እዚህ ፈታኝ አያስተምርም፣ አይረዳም፣ ዝም ብሎ ያያል። ተፈታኙ አውሮፕላኑን መያዝ አቅቶት ፈታኙ እጁን ወደ መሪው ከዘረጋ ግን አበቃ። መስፈርቱ ነው። ለማንም አይለወጥም።»

የበሩ ዘበኛ የቀረውን ጨመረ። ዩስሪ በኮሪደሩ ውስጥ «ያቺን እጅህን ነው የምሰብራት!» እያለ ሲጮህ ሰምቷል። ወጥቶ ከሄደ በኋላ ደግሞ ጃኬቴን ረሳሁ ብሎ ተመልሷል።

«ሁለተኛ ሲወጣ አየኸው?»

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። «ኳስ እያየሁ ነበር፣ እመቤቴ።»

«ማን አሸነፈ?» አለ ራምዚ።

«ተሸነፍን።»

«እሱንም ስታይ ነው ሰው የሞተብህ» አለች ሰልዋ።

*

ዩስሪን አሪያና ከሚባለው ሠፈር፣ ከእናቱ ቤት አመጡት። ረጅም፣ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞረ።

«እጁን እሰብራለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«ተመልሰህ ገብተሃል።»

«ጃኬቴን ላመጣ። የቤት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። መሰናዶ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፣ አነሣሁ፣ ወጣሁ። ሲሙሌተሩ ጋ አልደረስኩም።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከዚያ የት ሄድክ?»

«በዝናብ ሄድኩ። ዝም ብዬ በሐይቁ መንገድ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «እናቴ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ። 'አለፍክ?' ልትለኝ። እንዴት ቶሎ እገባለሁ?»

ሰልዋ አመነችው ማለት አይቻልም። ያን በር ላይ የምትቆም ሴት ግን አወቀቻት።

አለቃዋ በስልክ የተናገረው አጭር ነበር። «ዛተ፣ ተመለሰ፣ የነበረበትን የሚመሰክርለት የለም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ነገ ማታ ለዓቃቤ ሕግ ይተላለፍ።»

«ነገ ማታ?»

«ጋዜጦቹ አንቺን አይጠብቁም፣ ሰልዋ።»

አንዴ በነፍስ ግድያ ክስ የተላለፈ አብራሪ ነጻ ቢወጣ እንኳ ተመልሶ ያ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው እንደሌለ ታውቃለች። ልጁ ከነገ ማታ በኋላ ያለው ዕድሜ በሙሉ በእጇ ነው።

ከሰዓት በኋላ አሚ ሃዲን ጠየቀች። ሙንዚር ማሽኑ በወጉ አልተያዘም ብለው ባለፈው ወር ደመወዛቸውን አስቆርጠውባቸው ነበር። ሽማግሌው አልካዱም።

«ሰደብኩት፤ አላህ ይማረው። ትናንት ማታ ግን ባለቤቴ ኩላሊቷን የምትታጠብበት ሆስፒታል ነበርኩ። ነርሶቹን ጠይቂ።»

ራምዚ ጠየቀ። እውነት ነበር፤ ነርሷ እንዲያውም በወንበር ላይ ሲያንኮራፉ ሕመምተኛ እንደቀሰቀሱ ነገረችው። ካፒቴን ነጂብ ደግሞ ወደቡ ዳር ካለው የጉሌት ሠፈር፣ ከእህታቸው ዘንድ ዓሣ ሲበሉ እንዳመሹ ተናገሩ። እህትየው በስልክ ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ ደገመችው።

*

በማግስቱ ጠዋት ኢናስ ሻንጣዋን ትዘጋ ነበር። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ትማራለች፤ በማታው በረራ ትመለሳለች። ሰልዋ ሐሪሳ የሚባለውን የበርበሬ ድልህ ማሰሮ በሦስተኛ ፌስታል ጠቀለለችው።

«እማ፣ በቃ! ሐሪሳ ነው እንጂ ቦምብ አይደለም።»

«አብራሪው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ታክሲ የሚነዳውንስ አውቀዋለሁ እንዴ? አንቺ ግን ስትፈጠሪ ጀምሮ እንዲህ ነሽ?»

«አንቺን ከወለድኩ ጀምሮ ነው።»

ኢናስ ስቃ ሳመቻት። ሰልዋ ወጥታ በሩን ዘጋች፣ ተመልሳ ገብታ የጋዝ ሲሊንደሩን አየች፣ ደግማ ወጣች።

ጣቢያው በር ላይ የዩስሪ እናት ወይዘሮ ዙበይዳ በዝናብ ውስጥ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የልብስ ቦርሳ፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዘዋል።

«እናቴ፣ ምግቡን ለተረኛው ይስጡት» አለች ሰልዋ።

«ተረኛው ራሱ ይበላዋል፤ ከንፈሩን አይቼዋለሁ» አሉ ዙበይዳ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው አልለምንሽም። አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ቢለምኗት ይሻላት ነበር። ሰልዋ ሳህኑን ራሷ ተቀበለችና እስር ክፍሉ ድረስ ይዛው ገባች።

ዩስሪ አልበላም። ከሳህኑ ጎን ያስቀመጠችው ፋይል ውስጥ የሲሙሌተሩ የውስጥ ፎቶግራፍ ብቅ ብሎ ነበር። ልጁ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ መቼ የተነሣ ነው?»

«ሬሳው እንደተገኘ። ማንም ሳይነካው።»

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«ምኑ?»

«እኔ አውሮፕላኑን ከመንደርደሪያው አውጥቼ ሣር ላይ ነው የተውኩት። ግራ ሞተሩ እየነደደ። ካፒቴን ሙንዚር 'በቃ፣ ልጄ' አሉኝ፣ ጥዬው ወጣሁ።» ጣቱን ፎቶው ላይ አሳረፈ። «ይሄ ግን ቆሟል። ነዳጁ ተዘግቷል። ፍሬኑ ተይዟል። መብራቶቹ በተራ ጠፍተዋል። ሰው አውርዶ የጨረሰ አውሮፕላን ነው።»

«ከቦታው የማይነቃነቅ ሣጥን ማን ፍሬን ይይዝለታል?»

«እጃችን ነዋ። አብራሪ ይህን ሳያደርግ ከወንበሩ አይነሣም። ማሽን መሆኑን እጅ አያውቅም።»

ሰልዋ ጠዋት ተመልሳ ያየችውን የጋዝ ሲሊንደር አሰበች።

ኮሪደሩ ላይ ራምዚ ተከትሏት እየሮጠ፣ «ሊያመልጥ ያወጣው ተረት ቢሆንስ?» አላት።

«ቢሆንስ። አሚ ሃዲን ደውልልኝ።»

ሽማግሌው ሳይጨነቁ መለሱ። «አዎ፣ ልጁ ሲወጣ ልዘጋ ሄጄ ነበር። ሙንዚር 'አንተ ወደ ባለቤትህ ሂድ፣ እኔ አጠፋዋለሁ' አለኝ። መስኮቱ ላይ ሣርና እሳት ይታይ ነበር።»

«ይህን ለምን ትናንት አልነገሩኝም?»

«የት ነበርክ ብለሽ ጠየቅሽኝ እንጂ ምን አየህ መቼ አልሽኝ?»

ራምዚ አሁንም አልተዋጠለትም። «ሟቹም እኮ አብራሪ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው አቁመውት ቢሆንስ?»

ሰልዋ ሰዓቷን አየች። ሰዓቱ እየሄደ ነው። «ልጁን ከነካቴናው አምጣው» አለች።

*

ዩስሪን ድልድዩን አሻግረው አስገቡት። የወንጀል ቦታ መርማሪዎቹ በግራው ወንበር ሐዲድ ላይ፣ ወንበሩ የተገኘበትን ቦታ በነጭ ጠመኔ ምልክት አድርገውበታል። ካቴናውን ፈቱለት።

«የዚያን ዕለት ያደረግከውን አሳየኝ» አለች ሰልዋ።

ልጁ ሊቀመጥ ሲሞክር ጉልበቱ ከፊቱ ያለውን ሰሌዳ መታው። ወዲያው ቀኝ እጁ ከወንበሩ ሥር ገብቶ ማንሻውን ፈለገ።

«ቆይ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ወንበሩን ላስተካክል ነዋ። ይሄ እኮ የሕፃን ወንበር ነው።» ወደ ኋላ አንሸራተተው፣ ዝቅ አደረገው፣ ከዚያ በሁለቱ መስኮቶች መካከል የተሰቀሉትን ትንንሽ ኳሶች አፍጥጦ አየ። «አንዷ ኳስ ሌላዋን ስትሸፍን ዓይናችን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ሌላ ሰው ተነሥቶ ስንቀመጥ የመጀመሪያው ሥራችን ይህ ነው። ይህን ሳያደርግ ወደ ሌላ ነገር የሚሄድ አብራሪ አላየሁም።»

ሰልዋ ጎንበስ ብላ ሐዲዱን አየች። ወንበሩ ከጠመኔው ምልክት አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል።

«ካፒቴን ሙንዚር ቁመታቸው እንዴት ነበር?»

«እኔን ያክላሉ።»

«ታዲያ ያቆመው ሰው አጭር ነው» አለ ራምዚ።

ልጁን ካወጡት በኋላ ሰልዋ ወንበሩን በራሷ እጅ ወደ ምልክቱ መለሰችው፤ ከፍታውንም እንደ ፎቶው አደረገች። ከዚያ ለካፒቴን ነጂብ ደወለች። እንደ ባለሙያ እንዲረዷት ለመነቻቸው።

*

ነጂብ ሙሉ የበረራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ አንዴ ቆም አሉ፤ ወደ ታች አልተመለከቱም።

«ብዙ አልቆይም፤ በረራ አለብኝ» አሉ።

«አላቆይዎትም። በዚህ ማሽን ለመጨረሻ ጊዜ የበረሩት መቼ ነው?»

«ኃላፊ ከሆንኩ ወዲያ የት ጊዜ አለ? ከሐምሌ ወዲህ አልተቀመጥኩበትም።»

«ሞተር ሲጠፋ አብራሪው ምን እንደሚያደርግ ያሳዩኝ። ልጁ የዋሸበትን ቦታ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ነጂብ ኮፍያቸውን መንጠቆው ላይ ሰቀሉ። ወደ ግራው ወንበር በልምድ ሾለክ ብለው ገቡ፣ ቀበቶውን በትከሻቸው ሳቡ፣ አሠሩ። ቀኝ እጃቸው የሞተሩ ኃይል መጨመሪያ ላይ፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ አረፈ። ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ኳሶቹ ላይ ነበር።

«አሁን» አሉ፣ «አውሮፕላኑ እየተንደረደረ ነው። ግራ ሞተር ጠፋ። አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። እግር ከሐሳብ መቅደም አለበት...»

«ካፒቴን» አለች ሰልዋ። «ወንበሩን አያስተካክሉም?»

የነጂብ እጅ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ገባ። ማንሻውን አገኘ። ሳይስበው እዚያው ቀረ።

«ተስተካክሏል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ። ሬሳው በተገኘበት ጠዋት እንደነበረው ነው ያስቀመጥኩት። ማን አስተካከለው?»

ነጂብ ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር፤ ሰልዋን «እርስዎ» ማለታቸውም ቀረ።

«ግራ እግሬ መዘግየት ጀምሯል፣ ልጄ። ከዓመት በላይ ሆነው። መኪና ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ማንም አያውቅብኝም። እዚህ ግን ይታወቃል። በሚቀጥለው ሳምንት የየጊዜው ፈተናዬ ነበር። እኛ ዘንድ ልማድ አለ፤ ከፈተና በፊት ወዳጅ ወዳጁን በስውር ያስበርረዋል። የወዳጅነት በረራ እንለዋለን። ልጁ ከሄደ በኋላ ዘበኛ በሌለበት በመኮንኖቹ የጓሮ በር ገባሁ። ሙንዚር እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

«እና?»

«ሞተሩን አጠፋብኝ፤ ሣር ውስጥ ገባሁ። እንደገና አልኩት። አሁንም ሣር። ደጋገምን። በመጨረሻው እጁን ዘረጋ።» እጃቸውን ከወንበሩ ሥር አወጡ። «አቆምኩት። ነዳጁን ዘጋሁ፣ ፍሬኑን ያዝኩ። እጄ ይህን ሲሠራ እሱ ከኋላዬ ያለቅስ ነበር። ወጣን። ድልድዩ ላይ፣ 'ነጂብ፣ ነገ ራስህ ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ' አለኝ። ወንድምህ አይደለሁም ወይ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'እኔን የፈተንከኝ ዕለት መስፈርት ወንድም የለውም ያልከኝ አንተ ነህ።' እውነቱን ነው፤ ብዬው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና እጁን ዘረጋልኝ። ትከሻዬን ሊይዝ፣ ሊያጽናናኝ። ያን እጅ ዳግመኛ ማየት አልቻልኩም። ገፈተርኩት። እጁን ነው የገፈተርኩት። ሰንሰለቱ ክፍት ነበር።»

ሰልዋ ዩስሪ ትዝ አላት። «ልጁ ሲታሰር ዝም አሉ።»

«አዎ። ትናንት ጠዋት ስሙን ስነግርሽ እንዴት ቅልል እንዳለኝ! ከሁሉ የሚያስጠላኝ ያ እፎይታዬ ነው።» ቀበቶውን ፈቱ። ሳያስቡት የፍሬኑን ማንሻ ነካ አድርገው መያዙን አረጋገጡ። «እህቴን አታስጨንቂብኝ። በዕድሜዋ ሙሉ ዋሽታ አታውቅም፤ እኔ ነኝ ያስዋሸኋት።»

ኮፍያቸውን ለማንሣት እጃቸውን ሰደዱና መለሱት።

«አንድ ነገር ብቻ። አየር መንገዱ ጋ ይደወል። ሌላ አብራሪ ይፈልጉ።»

«ለየትኛው በረራ?»

«ለዛሬ ማታው። ለሊዮኑ።»

ሰልዋ የበሩን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። ራምዚ አይቷት «ምን ሆኑ፣ ኢንስፔክተር?» ብሎ ተጠጋ።

*

ዩስሪ ሲለቀቅ እናቱ አሁንም እዚያው በር ላይ ነበሩ። አላቀፉትም፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ጣቶቹን እየዳሰሱ የጎደለ እንዳለ ፈተሹ። ልጁ ጥቂት ተራምዶ ወደ ሰልዋ ተመለሰ።

«ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ግን ልንገርዎ» አለ። «ያን ዕለት ካፒቴን ሙንዚር እጃቸውን ባይዘረጉ ኖሮ አውሮፕላኑን ገልብጬው ነበር። በትክክል ነው የጣሉኝ።»

«ትፈተናለህ እንደገና?»

«ማን ሊፈትነኝ?» አለና ጃኬቱን እናቱ ራስ ላይ ደፋ። በዝናቡ ውስጥ ሄዱ።

ሰልዋ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ አይገርምሽም?» አለች ኢናስ፤ ከኋላዋ የአውሮፕላን ማረፊያው ጫጫታ ይሰማል። «እስካሁን አልተሳፈርንም። ካፒቴኑ አልመጣም ይላሉ! ሰው ሁሉ ተቆጥቷል። አንዱ ሰውዬ ይሄው ጠረጴዛ እየደበደበ ነው። እንዲህ ያለ አገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መስታወቱ ላይ ውሃው ይወርዳል።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«ጠዋት ያልሽኝን ልትደግሚልኝ ነው አይደል? አብራሪው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ ልትዪኝ ነው።»

«አይ» አለች ሰልዋ። «ቁጭ በይ፣ ልጄ። አትቆጪ። ይቆይ። እስከፈለገ ድረስ ይቆይ።»